ቶማስ ሙንትሰር ማን ነበር?

በአውሮፓ ስለ ተነሣው የሃይማኖት ተሐድሶ በመጠኑም ቢሆን ያልተማረ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። የማርቲን ሉተር ስም፣ በ1517 ያወጣቸው 95 አንቀጾች፣ በቮርምስ ጉባኤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቆሙ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጀርመንኛ መተርጐሙ በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። በዚያው መጽሐፍ ገጹን ገልበጥ ስናደርግ ስለ 1525 የገበሬዎች ጦርነት የሚናገር አንድ አጭር ምዕራፍ አለ፤ በዚያም ውስጥ ቶማስ ሙንትሰር የተባለ ሰባኪ ስሙ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ስለ እርሱ የሚነገረው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መጽሐፍ ራእይ አየሁ እያለ ድኾችን ወደ መታረድ የነዳ እብድ ነው ይለናል። ሌላው ደግሞ የተጨቆኑት መሪ፣ ሃይማኖትን እንደ ካባ ብቻ የደረበ አብዮተኛ አድርጎ ያቀርብልናል።

እነዚህ ሁለት ሥዕሎች የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ሰውየው የጻፈውን የሃይማኖት ትምህርት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ለአንደኛው ትምህርቱ የእብደት ቅዠት ነው፤ ለሁለተኛው መሸፈኛ ነው። ሙንትሰር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የነገረ መለኮት ሰው ነበር። ለድኻው የተቆረቆረው በትምህርቱ ምክንያት ነው፤ ሰይፍ ያነሣውና የሰው ደም ያፈሰሰውም በዚያው በትምህርቱ ምክንያት ነው። ይህን ሳንረዳ በጎውንም ክፉውንም ለመመዘን ብንነሣ በባዶ ሚዛን መመዘን ይሆንብናል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ የሆነው በእኛ አገር ዐፄ ልብነ ድንግል ነግሠው በነበሩበት ዘመን መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ሙንትሰር በ1489 ገደማ በሐርትስ ተራራማ አገር በሽቶልበርግ ከተማ ተወለደ። ተምሮ ቅስና ከተቀበለ በኋላ በዊተንበርግ ከነሉተር ጋር ተዋወቀ፤ በ1520ም ሉተር ራሱ ስለ መሰከረለት ጽቪካው በምትባል ሀብታም ከተማ ሰባኪ ሆነ። በዚያች ከተማ ከብር ማዕድን ንግድ የከበሩ ጌቶችና ኑሯቸው የወደቀ ሸማኔዎች ጐን ለጐን ይኖሩ ነበር። ሙንትሰር የሸማኔዎቹ ቤተ ክርስቲያን በሆነችው በቅድስት ካተሪና ሲሰብክ ከሌላው ሰባኪ ጋር ተጣላ፤ ከተማውም በሁለት ተከፈለ። በሚያዝያ 1521 ከሥራው ተባረረ። ከዚያ ወደ ፕራግ ሄደ፤ በዚያም የእምነቱን መግለጫ በጀርመንኛ፣ በላቲንና በቼክ ቋንቋ አዘጋጀ። ጥቂት ጊዜ ሲንከራተት ቆይቶ በ1523 የፋሲካ ሰሞን አልሽቴት በምትባል ትንሽ የሳክሶኒያ ከተማ ቄስ ሆኖ ተቀመጠ። በዚሁ ዓመት ከገዳም የወጣችውን ኦቲሊ ፎን ጌርሰንን አገባ።

ከሕይወቱ ታሪክ ይልቅ የሚያከራክረው ትምህርቱ ስለ ሆነ ወደዚያ እንለፍ።

ሙንትሰር የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው ወደ እምነት የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ሉተር ለዚህ የሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ የመጽሐፉ ቃል ይሰበካል፣ ሰው ይሰማል፣ እግዚአብሔር በጸጋው እምነትን ይሰጠዋል። ሙንትሰር መጽሐፍ ቅዱስን አልናቀም። እንዲያውም ጽሑፎቹ ከዳር እስከ ዳር በጥቅስ የተሞሉ ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ ምስክር ነው እንጂ ራሱ የእምነት ምንጭ አይደለም ይላል። ነቢያትና ሐዋርያት ከመጽሐፍ ቀድተው አልጻፉም፤ እግዚአብሔር በልባቸው ተናገራቸው። ያ የተናገራቸው አምላክ ደግሞ ዲዳ አልሆነም፤ ዛሬም ይናገራል። እንግዲህ የሌላውን ሰው እምነት ከመጽሐፍ ለቅሞ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ሊቅ ለሙንትሰር ሌባ ነው። በ1524 መጀመሪያ ካሳተማቸው ጽሑፎች አንዱ ስለ ፈጠራ እምነት የሚል ርእስ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የልብ ቃል ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ሰው ከገንዘብ ፍቅር፣ ከሹመት ፍቅር፣ ከሰው ፍርሃት መላቀቅ አለበት፤ ይህም የሚሆነው በመከራ፣ በጥርጣሬና በጭንቅ ውስጥ በማለፍ ነው። ሉተር ክርስቶስ መከራውን ሁሉ ስለ እኛ ተቀብሎ ጨርሶታል ሲል ሙንትሰር የሰማው ነገር፣ እንግዲህ ማንም መስቀሉን መሸከም አያስፈልገውም የሚል የምሥራች ነበር። ስለዚህ የዊተንበርግ ሰዎች ማሩን ክርስቶስ ብቻ እየሰበኩ መራራውን ክርስቶስ ደብቀዋል ብሎ ከሰሳቸው። በዚህ ነገር ለሉተር የሚገባውን ሁሉ የሰጠው አይመስለኝም። ሉተርም የነፍስ ጭንቅ ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ሆኖም ሙንትሰር ይህን ትምህርት ከራሱ አላመነጨውም፤ ዮሐንስ ታውለርን ከመሰሉ የ14ኛው መቶ ዓመት ጀርመናውያን መናንያን ተምሮታል። ከመካከላቸው ማንም ጦር አላነሣም።

ታዲያ ይህ የመናኝ ትምህርት እንዴት ወደ ገበሬዎች ሰፈር ደረሰ? ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው።

እምነት የሚገኘው በልብ ከሆነ መማር አለመማር ልዩነት አያመጣም። ሙንትሰር በ1524 በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሳያይና ሳይሰማ ቢኖር እንኳ በመንፈስ ትምህርት እውነተኛ እምነት ሊያገኝ ይችላል ይላል። ይህን ለክርስቲያኖች ብቻ አልወሰነውም፤ ከቱርኮችና ከአረማውያን መካከልም የተመረጡ አሉ ይላል። አውሮፓ በቱርክ ፍርሃት በምትንቀጠቀጥበት ዘመን ይህን መናገር ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን የልቡን ድምፅ ለመስማት ሰው ጸጥታና ጊዜ ያስፈልገዋል። ገበሬው ግን ሌሊቱን ለራሱ እርሻ፣ ቀኑን ለጌታው ሁዳድ፣ ከምርቱም አሥራት ለቤተ ክርስቲያን፣ ግብር ለባላባት እየሰጠ ሆዱን ለመሙላት ሲሯሯጥ ይሞታል። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ማንበብ ይማራል? መቼስ ዝም ብሎ ራሱን ይመረምራል? ጌቶቹ ድኻውን የገፈፉት ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ወደ እግዚአብሔር የሚደርስበትን መንገድም ዘግተውበታል። ሊቃውንቱም በበኩላቸው፣ አንተ ማንበብ ስለማትችል እኛ የምንልህን እመን ይሉታል።

እንግዲህ በሙንትሰር ዘንድ የድኻው ኑሮ ጉዳይ ከሃይማኖት ውጭ የመጣ የፖለቲካ ጥያቄ አልነበረም፤ ራሱ የእምነት ጥያቄ ነበር። የፈራነው ማንን ነው? እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ጌታውን አይፈራም፤ ጌታውን የሚፈራ ደግሞ እግዚአብሔርን ሊፈራ አይችልም። ሰውን በፍርሃት የሚገዛ መስፍን በእግዚአብሔር ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። የጀርመን ሊቅ ሐንስ ዩርገን ጌርትስ በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የውስጡንና የውጭውን ሥርዓት መያያዝ ካሳየ ወዲህ ሙንትሰርን በሁለት ቆርጦ፣ መናኙን ለቄሶች አብዮተኛውን ለፖለቲከኞች ማካፈል አስቸጋሪ ሆኗል።

በሊቃውንት ላይ የሰነዘረው ነቀፋ፣ በነገራችን ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ድኻው ለምንናገር ሰዎች ጆሮ የሚጥም አይደለም። ሙንትሰር የሚጠላው ሊቅ ለድኻው የማያዝነውን ብቻ አይደለም። ስለ ድኻው እያዘነ፣ ድኻው ራሱ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በእጁ ይዞ የሚቀመጠውንም ጭምር ነው።

በአልሽቴት የሠራው ትልቅ ሥራ ይህን ያስረዳል። ቅዳሴው፣ ስብሐተ ነግሁና የሠርክ ጸሎቱ ሁሉ በላቲን ይዜም ነበር። ሕዝቡ የማይሰማውን ቋንቋ ቆሞ ማዳመጥ ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ የተከራከረ ሁሉ ያውቀዋል። ሙንትሰር ጸሎቱን በጀርመንኛ ተርጉሞ ዜማውን እንደ ነበረ አስቀረው። ለማይገባቸው ሕዝብ የላቲን ቃል ብቻውን እንደ አስማተኛ ድግምት ኃይል አለው ማለት ከእንግዲህ አይቻልም አለ። መጽሐፎቹ በ1523 እና በ1524 ታተሙ። የሉተር የጀርመንኛ ቅዳሴ የወጣው በ1526 ነው። ስለዚህ ሥርዓተ ቅዳሴውን ሙሉ በሙሉ በሕዝቡ ቋንቋ በማዘጋጀት ሙንትሰር ሉተርን ቀድሞታል። ሉተር የጀርመንኛን ቃል በላቲን ዜማ ላይ መጫን እንደ ዝንጀሮ መኮረጅ ነው ብሎ የነቀፈበት ጊዜ ነበር። በዜማው ነገር ምናልባት ሉተር ትክክል ይሆናል፤ ሙያውን ያውቃል። ነገር ግን ሰው ከየመንደሩ ወደ አልሽቴት ይጐርፍ ጀመር። ጐረቤት የነበረው የማንስፌልድ ባላባት ኮንት ኤርንስት በግዛቱ ያሉ ሰዎች ወደዚያ እንዳይሄዱ ከለከለ። ሙንትሰር በመስከረም 1523 ለኮንቱ የጻፈለት ደብዳቤ ትሕትና የሚባል ነገር የለበትም፤ በፊርማውም ራሱን የማያምኑትን የሚያጠፋ ብሎ ሰይሟል።

ከእነዚያ መዝሙሮች አንዱ፣ ለስብከት ሰሞን ከላቲን የተረጐመው፣ ዛሬም በጀርመን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር መጽሐፍ ቁጥር 3 ሆኖ ይገኛል። ከገና በፊት የሚዘምሩት ምእመናን ስንቶቹ የደራሲውን ስም ልብ እንደሚሉ ግን እንጃ።

አሁን ወደ ሰይፉ ነገር እንምጣ። ሙንትሰር ከመጀመሪያው ጀምሮ ገበሬን ለማሳመፅ የተነሣ ሰው ነው የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይስማማም። በሐምሌ 13 ቀን 1524 በአልሽቴት ግንብ ውስጥ የሰበከው ለገበሬዎች ሳይሆን ለመሳፍንቱ ነበር። የሳክሶኒያው መስፍን ዮሐንስና ልጁ ዮሐንስ ፍሬድሪክ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር። ርእሱ የትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 2 ነበረ፤ ንጉሥ ናቡከደነፆር በሕልሙ ያየው ምስልና ያለ ሰው እጅ ተፈንቅሎ ምስሉን ያደቀቀው ድንጋይ። ሙንትሰር መሳፍንቱን፣ አዲስ ዳንኤል ያስፈልጋችኋል፤ ሰይፋችሁን የእግዚአብሔርን ጠላቶች ለማጥፋት አንሡ፤ ይህን ባታደርጉ ሰይፉ ከእጃችሁ ይወሰዳል አላቸው። ከዚህ ስብከት ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ተስፋው በመሳፍንቱ ላይ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ወዳጆቹ የሚሸሽጉት ነው፤ ክፉዎች ይገደሉ የሚለው ሐሳብ ከገበሬዎች ጦርነት በፊት በትምህርቱ ውስጥ ነበረ። መንፈስ በልቡ የተናገረው ሰው ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለየት ይችላል ብሎ ያምን ነበር፤ መከሩም ደርሷል አለ። ወንጌሉ ግን ይህን ሥራ ለመላእክት የተወ ነው።

ሉተር በዚያው ወር ለሳክሶኒያ መሳፍንት በጻፈው ደብዳቤ የሰጠው ምክር ለጊዜው ሚዛናዊ ነበር። ይስበኩ፣ መንፈሶች እርስ በርሳቸው ይጋጩ፣ እጃቸውን ካነሡ ግን ከአገር ይውጡ የሚል ነው። መሳፍንቱ ሙንትሰርን ወደ ቫይማር ጠርተው መረመሩት። በነሐሴ 7 ሌሊት የከተማውን ቅጥር ዘሎ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ከአልሽቴት ጠፋ። ከዚያ በኋላ በኑረምበርግ የታተመው መጽሐፉ በሉተር ላይ የተጻፈ ነው፤ በዊተንበርግ በምቾት የሚኖረው ሥጋ ይለዋል፤ ዶክተር ውሸታም ይለዋል። ስድቡን ትተን ነገሩን ብናይ ግን ጠንካራ ክርክር አለበት። መሳፍንቱ የውኃውን ዓሣ፣ የሰማዩን ወፍ፣ የምድሩን ቡቃያ ሁሉ የእኛ ነው ብለው ከያዙ በኋላ፣ ድኻውን አትስረቅ የሚለውን ትእዛዝ ያስተምሩታል፤ ድኻው ትንሽ ነገር ቢያነሣ ይሰቀላል፤ ሉተርም አሜን ይላል። ዓመፅን የሚያመጡት ጌቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ የዓመፁን ምክንያት ማስወገድ አይፈልጉምና።

ጦርነቱን ሙንትሰር አልፈጠረውም። ገበሬዎች በደቡብ ጀርመን በ1524 ነው የተነሡት፤ 12 አንቀጾች ተብሎ የሚታወቀው አቤቱታቸው በመጋቢት 1525 በሜሚንገን ተጻፈ፤ የሙንትሰር እጅ የለበትም። የሚጠይቀውም ቄሳቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ አሥራቱ በአግባቡ እንዲሆን፣ ገባርነት እንዲቀር፣ ደኑና አደኑ ለሁሉ እንዲሆን፣ የሁዳዱ ሥራ እንዲቀነስ ነው። ሙንትሰር በዚህ ጊዜ ሚውልሐውዘን በምትባል ከተማ ነበር። በመጋቢት 17 ቀን አሮጌው የከተማ ሸንጎ ተሽሮ የዘላለም ሸንጎ የሚባል ተተካ። ብዙ መጻሕፍት ሙንትሰር የዚህ መንግሥት ራስ ነበረ ይላሉ፤ እርሱ ግን የሸንጎው አባል እንኳ አልነበረም፤ ሰባኪ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ሰውየውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። በሚያዝያ 1525 ለአልሽቴት ሰዎች የላከው ደብዳቤ፣ ጠላት ቢለምናችሁ አትዘኑለት የሚል ነው። በግንቦት ወር ከ300 ሰዎች ጋር ወደ ፍራንከንሐውዘን ሲሄድ ገበሬዎቹ የኮንት ኤርንስትን ሦስት ሰዎች ይዘው ነበር። ሦስቱም ተገደሉ፤ በዚህም የሙንትሰር ቃል አለበት። እነዚህ ሦስት ሰዎች በአብዮቱ ወዳጆች መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ። መንፈስ ነግሮኛል የሚል ፈራጅ ይግባኝ የሌለው ፈራጅ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

በግንቦት 15 ቀን ወደ 8,000 የሚሆኑ ገበሬዎች ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ጋሪዎቻቸውን አጥር አድርገው ቆመዋል። ዓርማቸው ቀስተ ደመና ነበረ፤ የእግዚአብሔር ኪዳን ምልክት። በዚያች ቀን በፀሐይ ዙሪያ ቀለበት ታየና የኪዳኑ ምልክት ነው ተባለ ይላሉ በቦታው የነበሩ ሰዎች። የሔሰኑ መስፍን ፊሊፕና የሳክሶኒያው ዱክ ጌኦርግ መድፍ ተኰሱ፤ ፈረሰኞችም ገቡ። ከ5,000 የሚበልጡ ገበሬዎች እንደ ወደቁ ይገመታል፤ ከመሳፍንቱ ወገን የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሙንትሰር ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ሕመምተኛ መስሎ ተኝቶ ሲገኝ ማንነቱን ያጋለጠው የደብዳቤ ከረጢቱ ነው። በሔልድሩንገን ግንብ፣ በዚያው በጠላቱ በኮንት ኤርንስት ቤት፣ በሥቃይ ተመረመረ። ሁሉም ነገር የጋራ ይሁን፣ ለእያንዳንዱም እንደሚያስፈልገው ይከፈል የሚለው ዝነኛ ሐሳብ የተገኘው ከዚህ ቃል ነው እንጂ ራሱ ከጻፋቸው መጻሕፍት አይደለም። ሰው በአውታር እየተወጠረ የተናገረውን የሕይወቱ መርሕ ማድረግ ለወዳጅም ለጠላትም ጥንቃቄ የጐደለው ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሚውልሐውዘን ሰዎች ባስጻፈው ደብዳቤ፣ ሕዝቡ የተሸነፈው እያንዳንዱ የራሱን ጥቅም ስለ ፈለገ ነው ይላል፤ ደግሞም ደም ማፍሰስ ይብቃ ብሎ ይለምናል፤ መጽሐፎቹና ልብሶቹ ለሚስቱ እንዲሰጡለትም ይጠይቃል። በግንቦት 27 ቀን 1525 አንገቱ ተቀላ። ኦቲሊ በነሐሴ ወር ንብረቷ እንዲመለስላት ለዱክ ጌኦርግ ጽፋለች።

ከዚህ ቀን ጀምሮ ሙንትሰር የሌሎች ሰዎች ንብረት ሆነ። መጀመሪያ የያዘው ሉተር ነው። የተማረከውን ሰው ደብዳቤዎች ከራሱ መግለጫ ጋር አሳትሞ፣ እግዚአብሔር በሙንትሰር ላይ እንዴት እንደ ፈረደ ተመልከቱ አለ፤ አሸናፊነትን የእውነት ማስረጃ አደረገው። በዚያው ዓመት በሜላንክቶን ስም የሚታወቅ የሙንትሰር ታሪክ ወጣ። በጦሩ ሜዳ ጥይቱን ሁሉ በእጅጌዬ እቀልበዋለሁ አለ የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ጽሑፍ ነው። የጠላት ወሬ ከ300 ዓመት በላይ እንደ ታሪክ ሲጠቀስ ኖረ። በዚህ ላይ የዳግም ጥምቀት ሰዎች አባት እርሱ ነው የሚል ክስ ታከለበት። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዙሪኩ ኮንራድ ግሬበልና ጓደኞቹ በመስከረም 1524 ለሙንትሰር በጻፉት ደብዳቤ ጽሑፎቹን አመስግነው ሰይፍ ማንሣትን እንዲተው ገሥጸውታል፤ በጀርመንኛ መዘመሩንም ነቅፈውበታል። አባት ተብሎ የተከሰሰው ሰው ከልጆቹ ተግሣጽ ተጽፎለታል ማለት ነው። ሉተር ራሱ በ1534 ኢትዮጵያዊውን ዲያቆን ሚካኤልን በዊተንበርግ ተቀብሎ በሃይማኖት ነገር ብዙ እንደ ተስማሙ መስክሯል። ከሩቅ ለመጣው የነበረው ትዕግሥት ለቅርቡ ሰው አልተረፈም።

ሁለተኛው ባለቤት በ19ኛው መቶ ዓመት መጣ። ቪልሔልም ጽመርማን በ1841 መታተም በጀመረው ታሪኩ የሙንትሰርን ስም ከስድብ አነሣ። ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1850 የጻፈው ታሪኩን ከጽመርማን ወስዶ ነው፤ ይህንንም ራሱ ተናግሯል። በኤንግልስ ዓይን ሙንትሰር ከዘመኑ የቀደመ መሪ ነው፤ የሃይማኖቱ ቃል ልብስ ሲሆን ትምህርቱ ወደ ክህደት ይቀርባል። ኤንግልስ ስለ መደቦች ትግል የጻፈው ብዙ የሚያስተምር ነው፤ ስለ ሙንትሰር ሃይማኖት የጻፈው ግን ሙንትሰር ቢያነበው ኖሮ ከሉተር ይልቅ ይቆጣበት ነበር። በ1921 ኤርንስት ብሎክ የአብዮት ሊቀ መለኮት ብሎ ሲጠራው ሃይማኖቱን በመጠኑ መልሶለታል።

ምሥራቅ ጀርመን ከተመሠረተ በኋላ ሙንትሰር የመንግሥት ቅዱስ ሆነ ለማለት ይቻላል። በ1975 ሚውልሐውዘን የቶማስ ሙንትሰር ከተማ ተባለች፤ መልኩም በ5 ማርክ ገንዘብ ላይ ታተመ። ጌቶቹን የማይፈራ ሕዝብ ይነሣ ብሎ የሰበከውን ሰው፣ ዜጎቹን በግንብ አጥሮ የሚያኖር መንግሥት በገንዘቡ ላይ አተመው። በፍራንከንሐውዘን ኮረብታ ላይ ቨርነር ቲውብከ የሣለው ሥዕል 14 ሜትር ቁመትና 123 ሜትር ርዝመት አለው፤ በመስከረም 1989 ተመረቀ። መንግሥቱ ያዘዘው የድል ሥዕል ነበር። ሠዓሊው ግን ሙንትሰርን በጦሩ ሜዳ መካከል ሰንደቁን ዝቅ አድርጎ ያቆመው ብቸኛ ሰው አድርጎ ሣለው። ከሁለት ወር በኋላ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

ያ ያጋለጠው የደብዳቤ ከረጢትስ? ወረቀቶቹ ዱክ ጌኦርግ እጅ ገብተው በድሬስደን መዝገብ ቤት ከ400 ዓመት በላይ ተቀመጡ። በ1949 የሳክሶኒያ መንግሥት ለስታሊን 70ኛ የልደት በዓል ስጦታ አድርጎ ወደ ሞስኮ ላካቸው፤ ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። የሙንትሰር ጽሑፎች፣ ደብዳቤዎችና ስለ እርሱ የተጻፉ ምስክርነቶች በሦስት ቅጽ ተጣርተው በላይፕሲግ መታተማቸው የተፈጸመው በ2017 ነው።